ለጨዋታ የተሠራ አሮጌ ‘ጆይስቲክ’ ለናይሮቢ ፈጣሪዎች ምን ያስተምራል?

በናይሮቢ መሀል ከተማ የሚገኘው የሉቱሊ ጎዳና ኤሌክትሮኒክስ ፈላጊ ሁሉ የሚያውቀው ሥፍራ ነው። በደቡብ አፍሪካዊው የኖቤል የሰላም ተሸላሚ በአልበርት ሉቱሊ ስም የተሰየመው ይህ ጎዳና ግራና ቀኙ ቴሌቪዥን፣ የድምፅ ማጉያ፣ የእጅ ስልክና መለዋወጫ በሚሸጡ ሱቆች የተሞላ ነው።

ኬንያውያን በየአደባባዩ የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎችን ‘ጁዋ ካሊ’ ይሏቸዋል። በስዋሂሊ ‘የሚያቃጥል ፀሐይ’ ማለት ሲሆን፣ ሥራው ከጣሪያ በታች ሳይሆን ፀሐይ ላይ መሆኑን ያመለክታል። ለአዲስ አበባ ነዋሪ የመርካቶውን ምናለሽ ተራ የሚያስታውስ ዓለም ነው፤ አንዱ የጣለው ለሌላው ጥሬ ዕቃ ይሆናል።

ከሚጣሉት ዕቃዎች መካከል ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ አለ፤ በተለምዶ ‘ጆይስቲክ’ የሚባለው የአሮጌ ቪዲዮ ጌም መቆጣጠሪያ። ዋናው መጫወቻ ሲበላሽ ወይም ጊዜው ሲያልፍበት መቆጣጠሪያው ብቻውን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ይሁን እንጂ ይህ ዕቃ በጥቂት ሽቦዎች ከአንድ ርካሽ ማይክሮኮንትሮለር ጋር ሲገናኝ ሮቦት ሊመራ፣ ኮምፒውተር ሊያዝ ይችላል። ከዚያም በላይ ማሽን የሰውን እጅ እንዴት እንደሚያነብ ከመነሻው እስከ መድረሻው ያስተምራል። ይህ ዕውቀት የት ድረስ ሊወስድ እንደሚችል አንድ ኬንያዊ መሐንዲስ የሠራው ጓንት ያሳያል።

ማይክሮኮንትሮለር ምንድን ነው?

ማይክሮኮንትሮለር በአንዲት ቺፕ ላይ የተጠቃለለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። በልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ በመኪናና በሕክምና መሣሪያ ውስጥ ተደብቆ የተሰጠውን ተግባር ሳይታክት ይደጋግማል። አንድ ቁልፍ መጫኑን ያውቃል፤ አንድ መብራት እንዲበራ ያዛል።

በጀማሪዎች ዘንድ በጣም የታወቀው አርዱዊኖ የተባለው ሰሌዳ ነው። እአአ በ2005 በጣልያኗ ኢቭሬያ ከተማ የተጀመረው የኤሌክትሮኒክስ ዕውቀት የሌላቸው የንድፍ ተማሪዎች ሐሳባቸውን ወደ ተግባር እንዲለውጡ ለማገዝ ነበር። ንድፉ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ሌሎች አምራቾችም እየቀዱ በርካሽ ይሸጡታል።

አርዱዊኖ ኡኖ የተሰኘው ዓይነት ያለው ራም 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። ከዘመኑ የእጅ ስልክ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ነገር ግን በሰከንድ 16 ሚሊዮን ምት ስለሚመታ የጌም መቆጣጠሪያ ለማንበብ ከበቂ በላይ ነው። እአአ በ2021 ለገበያ የቀረበው ራስበሪ ፓይ ፒኮ ደግሞ ከዚህ እጅግ የፈጠነ ሲሆን መነሻ ዋጋው 4 ዶላር ነበር።

ስምንት ቁልፍ፣ አምስት ሽቦ

ለመጀመሪያ ትምህርት በጣም የሚመቸው ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እአአ በ1983 ‘ፋሚኮም’ ብሎ ያወጣው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ‘ኤንኢኤስ’ በሚል ስም በአሜሪካ የቀረበው መጫወቻ መቆጣጠሪያ ነው። ይህ መጫወቻ በዓለም ዙሪያ ከ60 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። በአፍሪካ፣ በእስያና በምሥራቅ አውሮፓ ግን በርካታ ልጆች የተጫወቱት በዋናው ሳይሆን ከእሱ በተቀዱ ርካሽ ዓይነቶች ነበር።

መቆጣጠሪያው ስምንት ቁልፎች አሉት፤ አራት የአቅጣጫ ቁልፎች እንዲሁም ‘ኤ’፣ ‘ቢ’፣ ‘ሰሌክት’ እና ‘ስታርት’። እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሽቦ ቢኖረው ለመመለሻ የሚያገለግለውን የጋራ ሽቦ ጨምሮ ቢያንስ ዘጠኝ ሽቦ ባስፈለገ ነበር። ከመቆጣጠሪያው የሚወጡት ሥራ ላይ ያሉ ሽቦዎች ግን አምስት ብቻ ናቸው። ሁለቱ ኤሌክትሪክ የሚያደርሱና የሚመልሱ ናቸው፤ ቀሪዎቹ ሦስቱ መልዕክት ያመላልሳሉ።

ምስጢሩ ያለው በውስጡ በምትገኘው 4021 የተባለች ቺፕ ነው። ሥራዋን ለመረዳት መምህር በክፍል ውስጥ የሚያደርገውን ስም ጥሪ ማሰብ ይቻላል።

በመጀመሪያ ማይክሮኮንትሮለሩ በአንደኛው ሽቦ ‘ያዝ’ የሚል አጭር ምልክት ይልካል። ቺፗም የስምንቱን ቁልፎች ሁኔታ በዚያች ቅጽበት ትመዘግባለች። ከዚያ በሁለተኛው ሽቦ ‘ቀጣይ’ የሚል ምት በመጣ ቁጥር የአንድ ቁልፍ መልስ በሦስተኛው ሽቦ ላይ ይቀርባል። ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፦ ‘ኤ’፣ ‘ቢ’፣ ‘ሰሌክት’፣ ‘ስታርት’፣ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ።

ጀማሪዎችን የሚያስገርመው የመልሱ ዓይነት ነው። የተጫነ ቁልፍ 0፣ ያልተጫነው ደግሞ 1 ሆኖ ይነበባል። ምክንያቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ የቁልፍ መስመር በሬዚስተር አማካይነት ከኤሌክትሪክ ምንጩ ጋር ስለተያያዘ ማንም ካልነካው ‘አለ’ ይላል። ጣት ሲጫነው መስመሩ ከመመለሻው ሽቦ ጋር ይገናኝና ‘የለም’ ወደሚለው ይወርዳል።

የ‘ያዝ’ ምልክት በዋናው መጫወቻ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ማይክሮሰከንድ፣ ማለትም ለሰከንድ ጥቂት ሚሊዮንኛ ክፍል ያህል ነው። የስምንቱ ቁልፍ ጥሪ ሁሉ አንድ ጊዜ ዓይን ከመርገብገቡ በፊት ብዙ መቶ ጊዜ ሊደገም ይችላል። ጨዋታዎቹ ግን በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ማንበብ ይበቃቸዋል።

ይህን መቆጣጠሪያ ለጀማሪ ተስማሚ የሚያደርገው ሌላው ጠባይ ትዕግሥቱ ነው። ምቱን የሚመታው አንባቢው ስለሆነ ቢዘገይም ቺፗ ቀጣዩን ምልክት ትጠብቃለች። በመሆኑም ተማሪው ፕሮግራሙን ሆን ብሎ አዘግይቶ እያንዳንዱን እርምጃ በዓይኑ መከታተል ይችላል።

ግንኙነቱ እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ የትኛው ሽቦ ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በሽቦ ቀለም መተማመን አይገባም፤ በተለይ ተቀድተው የተሠሩት መቆጣጠሪያዎች ቀለማቸውም መሰኪያቸውም ይለያያል። አስተማማኙ መንገድ ከጀርባ ያሉትን ብሎኖች ፈትቶ፣ ኤሌክትሪክ ሳይገናኝ በቴስተር እያንዳንዱ ሽቦ ከየትኛው የቺፗ እግር ጋር እንደሚገናኝ መፈተሽ ነው።

4021 ቺፕ 16 እግሮች አሏት። 16ኛው ኤሌክትሪክ የሚገባበት፣ 8ኛው የሚመለስበት ነው። ‘ያዝ’ የሚለው ትዕዛዝ በ9ኛው፣ ‘ቀጣይ’ የሚለው ምት በ10ኛው ይገባል፤ መልሱ በ3ኛው ይወጣል። በርካሾቹ ቅጂዎች ውስጥ ግን ቺፗ ብዙውን ጊዜ በጥቁር ሙጫ ጠብታ ስለምትሸፈን እግሮቿ አይታዩም። በዚህ ጊዜ ሁሉንም ቁልፎች በአንድ ጎን የሚያገናኘውን መስመር መፈለግ ይጠቅማል፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ የመመለሻው መስመር ነው።

ሽቦዎቹ ከተለዩ በኋላ ሁለቱ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ከሰሌዳው 5 ቮልትና መመለሻ ጋር ይያያዛሉ። ‘ያዝ’ እና ‘ቀጣይ’ ከሁለት የሰሌዳው መውጫዎች ጋር፣ የመልሱ ሽቦ ደግሞ ከአንድ መግቢያ ጋር ይገናኛሉ። ለሙከራ መበየድ አያስፈልግም፤ ብሬድቦርድ የተባለው ባለ ቀዳዳ መሰኪያ ይበቃል።

ፕሮግራሙም አጭር ነው። የ‘ያዝ’ን መስመር ከፍ አድርጎ ይመልሳል፤ የመጀመሪያውን መልስ ያነባል፤ አንድ ምት ይመታል፤ ሁለተኛውን ያነባል፤ ስምንት እስኪሞላ ይቀጥላል። ውጤቱ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ 11111111 ሆኖ ይታያል። ‘ኤ’ ሲጫን ወደ 01111111 ይለወጣል። ከፕላስቲክ በታች ተደብቆ የነበረው ንግግር ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይን ይታያል።

ሳይሳካ ሲቀርም ስህተቱ ራሱ ይናገራል። ሁሉም ቁጥር 0 ከሆነ የመልሱ ሽቦ ከመመለሻው ጋር ተነካክቶ ሊሆን ይችላል። ማንኛውም ቁልፍ ተጭኖ ሁሉም 1 እንደሆነ ከቀረ አንድ ሽቦ ቦታውን ስቶ ወይም መቆጣጠሪያው ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ቁጥሮቹ ማንም ሳይነካቸው የሚዘባርቁ ከሆነ የላላ ሽቦ መፈለግ ይገባል። ‘ቢ’ ተጭኖ በ‘ኤ’ ቦታ ከታየ ደግሞ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው፤ የመጀመሪያው መልስ ሳይነበብ ምት ተመትቷል ማለት ነው።

የ5 እና የ3.3 ቮልት ጣጣ

ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው በዚህ ነጥብ ላይ ባለ ቸልተኝነት ነው። አርዱዊኖ ኡኖና የኤንኢኤስ መቆጣጠሪያ ሁለቱም በ5 ቮልት ስለሚሠሩ ያለ ችግር ይግባባሉ። ፒኮና ኢኤስፒ32 የተባሉት አዳዲስ ሰሌዳዎች ግን የሚሠሩት በ3.3 ቮልት ነው። በ5 ቮልት የሚሠራ መቆጣጠሪያ መልሱን በቀጥታ ቢልክላቸው መግቢያቸው ሊጎዳ ይችላል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በመልሱ ሽቦ ላይ ሁለት ሬዚስተሮችን አያይዞ ቮልቱን መከፋፈል ይቻላል። ሌላው አማራጭ መቆጣጠሪያውን ራሱን በ3.3 ቮልት ማንቀሳቀስ ነው፤ የ4021 ቺፕ ከ3 ቮልት ጀምሮ እንድትሠራ ተደርጋ የተነደፈች ናት። በተቃራኒው የኒንቴንዶ 64 መቆጣጠሪያ በ3.3 ቮልት የሚሠራ በመሆኑ 5 ቮልት ሊሰጠው አይገባም።

ሁሉም አንድ ቋንቋ አይናገሩም

የመቆጣጠሪያዎቹ የዕድሜ ቅደም ተከተል እንደ ትምህርት ደረጃም ያገለግላል። እአአ በ1977 የወጣው የአታሪ 2600 ጆይስቲክ ቺፕ የለውም። አራት አቅጣጫዎችና አንድ የመተኮሻ ቁልፍ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሽቦ ይወጣሉ። ይህ ለፍጹም ጀማሪ የሚሆን አንደኛ ክፍል ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የኤንኢኤስ መቆጣጠሪያ ሲሆን፣ ተከታዩ ሱፐር ኒንቴንዶም ያንኑ የ‘ያዝ’ እና ‘ቀጣይ’ ዘዴ ይጠቀማል። ልዩነቱ 12 ቁልፎች ስላሉት ጥሪው ከ8 ወደ 16 ማደጉ ነው። እአአ በ1988 የወጣው ሴጋ ሜጋ ድራይቭ በበኩሉ አንድን ሽቦ ለሁለት ቁልፍ ያጋራል፤ የትኛው ቁልፍ እንደሚነበብ የሚወስን መምረጫ መስመር አለው።

ከፍተኛው ደረጃ እአአ በ1996 የወጣው ኒንቴንዶ 64 ነው። ጥያቄውም መልሱም የሚመላለሰው በአንድ ሽቦ ላይ ሲሆን፣ እያንዳንዱ የመረጃ ነጥብ የሚቆየው 4 ማይክሮሰከንድ ብቻ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ አርዱዊኖ ኡኖ የሚመታው 64 ምት ብቻ ስለሆነ ፕሮግራም ጸሐፊው እያንዳንዷን ምት መቁጠር ይኖርበታል። እንደ ኤንኢኤስ ያለ ትዕግሥት እዚህ የለም።

ከጨዋታ ባሻገር

አንዳንድ ማይክሮኮንትሮለሮች በዩኤስቢ ሲሰኩ ራሳቸውን ለኮምፒውተር እንደ ቁልፍ ሰሌዳ ማስተዋወቅ ይችላሉ። አርዱዊኖ ሊዮናርዶና ፒኮ ከእነዚህ መካከል ናቸው። በእነሱ አማካይነት አሮጌው መቆጣጠሪያ ስምንት ትላልቅ ትዕዛዞች ያሉት ቁልፍ ሰሌዳ ይሆናል።

ይህም ጣቶቻቸውን እንደልብ ማዘዝ ለማይችሉ ሰዎች ትርጉም አለው። በመቆጣጠሪያው ውስጥ ያለው ቁልፍ በመሠረቱ ሁለት የብረት ጫፎች ናቸው። ከእነዚያ ጫፎች ሽቦ ስቦ በክርን ወይም በእግር ከሚጫን ሰፊ ቁልፍ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ማይክሮሶፍት አካል ጉዳተኞችን ታሳቢ አድርጎ እአአ በ2018 ያወጣው መቆጣጠሪያ በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ዋጋው ግን 100 ዶላር ያህል ነበር።

የቆሻሻው ጉዳይም አለ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋማት ባወጡት ሪፖርት መሠረት እአአ በ2022 በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተፈጥሯል። በአግባቡ ተሰብስቦ ዳግም ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ከሩብ በታች ነው። መቆጣጠሪያ ማዳን ይህን ክምር አይንደውም። ነገር ግን ዕቃ ከመጣሉ በፊት ውስጡን ከፍቶ የማየት ልማድ ያሳድጋል።

የናይሮቢ የፈጠራ ጠረጴዛዎች

ናይሮቢ ለዚህ ዓይነቱ ሙከራ የተመቻቸ መሠረት አላት። እአአ በ2010 የተከፈተው አይሃብ የቴክኖሎጂ ወጣቶች መሰባሰቢያ ሆኗል። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ወርክሾፕ የሆነው ‘ፋብ ላብ’ ተማሪዎች በኮምፒውተር በሚታዘዙ ማሽኖች የሚሠሩበት ነው። ይህን ሥራ ሲመሩ የነበሩት ዶክተር ካማው ጋቺጊ በኋላ ጊርቦክስ የተባለውን፣ ፈጣሪዎች ውድ መሣሪያዎችን በጋራ የሚጠቀሙበትን ማዕከል በማቋቋም ይታወቃሉ።

ኬንያ እአአ በ2022 ለአንደኛና ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ ሥርዓተ ትምህርት አጽድቃለች። ሆኖም ፕሮግራም መጻፍ ስክሪን ላይ ብቻ ከቀረ ተማሪው ከሽቦው፣ ከቮልቱና ከብረቱ ጋር ሳይተዋወቅ ሊያልፍ ይችላል። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት አንድ አሮጌ መቆጣጠሪያና አንድ ርካሽ ሰሌዳ ይህን ክፍተት በከፊል ሊሞሉት ይችላሉ። መቆጣጠሪያው ቢታጣ እንኳ የ4021 ቺፕ ዛሬም ስለምትመረት፣ ስምንት ቁልፎችና ስምንት ሬዚስተሮች ተጨምረውላት ከባዶ ሊሠራ ይችላል።

ከጌም ጓንት ወደ ምልክት ቋንቋ

ከመቆጣጠሪያዎች ታሪክ ውስጥ አንዱ ለናይሮቢ የተለየ ትርጉም አለው። ማቴል የተባለው የአሜሪካ መጫወቻ አምራች እአአ በ1989 ‘ፓወር ግላቭ’ የተሰኘ ጓንት ለኤንኢኤስ ተጫዋቾች አቅርቦ ነበር። በጣቶቹ ላይ የተዘረጋው ማሰሪያ ጣት ሲታጠፍ ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠኑ ስለሚለወጥ የእጅን እንቅስቃሴ ይለካ ነበር። ለጨዋታ ስላልተመቸ በገበያ ብዙም አልቆየም። ኤሌክትሮኒክስ ወዳጆች ግን ከኮምፒውተር ጋር እያገናኙ ለሌላ ሙከራ ተጠቀሙበት።

ኬንያዊው መሐንዲስ ሮይ አሌላ የሠራው ‘ሳይን አይኦ’ የተባለው ጓንትም የጣትን መታጠፍ በሚለኩ ተመሳሳይ መሣሪያዎች ይሠራል። የተለካው መረጃ በብሉቱዝ ወደ እጅ ስልክ ይተላለፋል፤ በስልኩ ላይ ያለው መተግበሪያም ምልክቱን ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ለአሌላ መነሻ የሆነችው መስማት የተሳናት የዘመዱ ልጅ ናት። ቤተሰቡ የምልክት ቋንቋ ስለማይችል ከሕፃኗ ጋር መግባባት አስቸጋሪ ነበር። ጓንቱ በደቡብ ምዕራብ ኬንያ ሚጎሪ አካባቢ በሚገኝ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት ተሞክሯል፤ ከአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበርም ሽልማት አግኝቷል።

ጉዳዩ ትንሽ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ከ430 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ድጋፍ የሚያስፈልገው የመስማት ችግር አለባቸው። በኬንያ የ2010 ሕገ መንግሥት መሠረት ደግሞ የኬንያ ምልክት ቋንቋ ከስዋሂሊና ከእንግሊዝኛ ጋር የምክር ቤቱ የሥራ ቋንቋ ነው።

በእርግጥ የምልክት ቋንቋ የጣት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፊት፣ ትከሻና የእጅ አቅጣጫ ትርጉም ይጨምራሉ፤ የራሱ ሰዋስውም አለው። በዚህ ምክንያት መስማት የተሳናቸው በርካታ ሰዎችና የቋንቋ ምሁራን እንዲህ ዓይነት ጓንቶች ሙሉ አስተርጓሚ ተደርገው መታየታቸውን ይተቻሉ። ሰሚው ምልክቱን እንዲማር ከመጠየቅ ይልቅ ሸክሙን መስማት ለተሳነው ሰው ይሰጣሉ የሚል ቅሬታም ያነሳሉ። ማሽን የሚያነበው እንዲያነብ የተነገረውን ብቻ መሆኑን የጌም መቆጣጠሪያ የከፈተ ተማሪ ያውቀዋል፤ ከስምንቱ ቁልፎች ውጭ ያለው የተጫዋቹ ስሜት በሽቦው አያልፍም።

የሆነው ሆኖ ሁለቱን የሚያገናኛቸው መንገድ አንድ ነው። ጣት ተንቀሳቀሰ፤ ኤሌክትሪክ ተለወጠ፤ ቺፕ አነበበች፤ ፕሮግራም ትርጉም ሰጠ። ከ40 ዓመት በፊት ለጨዋታ የተሠራው ባለ ስምንት ቁልፍ ፕላስቲክ ይህን መንገድ በሙሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያሳያል። በሉቱሊ ጎዳናም ሆነ በምናለሽ ተራ እንዲህ ያለ ዕቃ ያጋጠመው ወጣት ሊጥለው ሲያስብ አስቀድሞ ብሎኖቹን ቢፈታ አይከስርም።